ሕገ መንግሥትና ርስት

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደጋ ዳሞት አገር የሚኖር ገበሬ ማለዳ በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት አስቀድሞ የሚመለከተው ምራኑን ነው። ምራን ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ የሚያስተሳስር የቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍሩ የላላ እንደ ሆነ ሞፈሩ ከቀንበሩ ይንሸራተትና ማረሻው ትልሙን ይስታል፤ ደርቆ የከረረ እንደ ሆነ ደግሞ በሬዎቹ በኃይል በሳቡበት ሰዓት ይበጠሳል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ምራኑን እያለሰለሰ ይይዘዋል፤ ባረጀም ጊዜ በወቅቱ ይለውጠዋል እንጂ በማሳው መካከል እስኪበጠስ ድረስ አይጠብቅም።

የመንግሥትና የሕዝብም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። መንግሥት ኃይል ነው፤ ሕዝብም ኃይል ነው። ሁለቱ በአንድ ትልም ላይ እንዲሄዱ የሚያስተሳስራቸው ጠፍር ሕገ መንግሥት ይባላል። እንግዲህ ስለዚህ ጠፍር ማንኛውም አእምሮ ያለው ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ይህን ማሰሪያ የማሰር መብት ያለው ማን ነው? ያሰሩት ሰዎች ካለፉ በኋላ የተወለደው ትውልድ፣ እርሱ ሳይጠየቅ በታሰረ ነገር እንዲገዛ የሚያስገድደው ምን ዓይነት ግዴታ ነው? ባረጀስ ጊዜ ማን፣ በምን ሁኔታ ሊለውጠው ይገባል? ጥያቄዎቹ የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መሠረታቸው የግብረ ገብ ጥያቄ ስለ ሆነ ገበሬውንም፣ ነጋዴውንም፣ ተማሪውንም የሚመለከቱ ናቸው።

አገራችን በወረቀት የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በቅርብ ጊዜ ቢሆንም ሕግ የሌላት አገር ሆና አልኖረችም። ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለብዙ ዘመን የነገሥታቱና የሊቃውንቱ መዳኛ መጽሐፍ ነበር። ከመጽሐፉም በላይ በሕዝቡ አፍ የሚኖር ሕግ ነበር። ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዘው ሲጋጩ አንድ መንገደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ የተነሣው እጅ በአየር ላይ ይቆም ነበር። ያ መንገደኛ ወታደር አላስከተለም፤ ማኅተም አልያዘም። እጁን ያቆመው ሰው የታዘዘው ለመንገደኛው ሳይሆን ከሁለቱም በላይ አለ ብሎ ለሚያምነው ነገር ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለውም ተረት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሰው በትክክለኛ ፍርድ ብዙ ቢያጣ ይታገሣል፤ ያለ ፍርድ ጥቂት ቢወሰድበት ግን አይታገሥም። እንግዲህ የሕግ ኃይል ከወረቀቱ አስቀድሞ በልብ ውስጥ መኖሩን ከዚህ እንረዳለን።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የተሰጠው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ እንደ ምሳሌ የተመለከቱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። በ55 አንቀጾች የተዘጋጀው ይህ ሕግ የምክር ቤት አባሎችን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት አደረገ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ የዘውዱ 25ኛ ዓመት በተከበረበት ጊዜ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም በ131 አንቀጾች የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችም ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ተመረጡ። ሁለቱም ሕጎች የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ከላይ ወደ ታች የተሰጡ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ሰጡ፤ ሕዝቡም ተቀበለ ተባለ።

ስጦታ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የተሰጠ ሕግና የተስማሙበት ሕግ ልዩነት ያላቸው መሆኑን ጎጃም በ1960 ዓ.ም በብዙ ደም አስተማረ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ሥርዓቱን የተከተለ ነበር፤ በሕግ መወሰኛውና በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ታይቶ ያለፈ ነው፤ ከጎጃም የተመረጡ እንደራሴዎችም በምክር ቤቱ ነበሩ። ከሥርዓቱ አንጻር ምንም ጉድለት የለበትም ሊባል ይቻላል። ሆኖም ገማቾቹ ወደ ገጠር በወጡ ጊዜ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አልቀበልም አለ። ገበሬው የፈራው የግብሩን ብር ብቻ አልነበረም። ዛሬ ማሳዬን የሚገምት ሰው ነገ ይለካዋል፤ የለካውም ሰው ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳል ብሎ ነው የፈራው። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን ግብሩን በጎጃም ማስከፈል ሳይቻል ቀረ፤ የቀድሞውም ውዝፍ ተማረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ነገር የድንቁርና ዐመፅ ነው ይሉታል፤ ሌሎችም የነፃነት ተጋድሎ አድርገው ያወድሱታል። እኛ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ትምህርት እንፈልግ። ግብሩ ባለ ብዙ መሬቱን ከባለ ጥቂት መሬቱ ይልቅ ለማስከፈል የታሰበ ስለ ነበረ ሐሳቡ ክፉ ነበር ማለት አይቻልም። የጎደለው እምነት ነበር። ገበሬው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ መብቱ እንደ ተጻፈለት አላወቀም፤ ቢያውቅም ያ ጽሑፍ በክፉ ቀን ይደርስልኛል ብሎ አላመነም። ያመነው በአቅኚ አባቱ ስም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን በከፊል ተመለሰ፤ ሕገ መንግሥትን የሚያጸናው የጻፊው ጥበብ ወይም የሰጪው ሥልጣን ብቻ አይደለም። የሚያጸናው፣ «ይህ ለእኔም ይደርስልኛል» የሚል የተቀባዩ እምነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1966 ዓ.ም አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቅ ኮሚሽን ተቋቁሞ ረቂቁ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ዘውዱ ወረደ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ታገደ፤ ረቂቁም ሳይጸድቅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የደቡቡ ጭሰኛ ከባለ ርስቱ ቀንበር ወጣ፤ የጎጃሙም ባለ ርስት በሕግ ፊት ርስቱን አጣ። አገሪቱ ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ ያለ ሕገ መንግሥት ተገዛች። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም፣ ምንም እንኳ ረቂቁ በየቀበሌው ቢነበብና ድምፅ ቢሰጥበት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም ከመንግሥቱ ጋራ አብሮ ወደቀ። «አይሆንም» ማለት በማይቻልበት ስፍራ የተሰጠ «ይሁን» ፈቃድ ሊባል አይችልምና።

አሁን ያለንበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጾቹ 106 ናቸው። ከቀደሙት ሁሉ ይልቅ ስለ ሰብአዊ መብት በሰፊው ይናገራል፤ የብሔር ብሔረሰቦችን ቋንቋና ባህል ያከብራል። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም ይላል፤ የኢትዮጵያ ገበሬም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ሲል ያረጋግጣል። የሚያስደስት ቃል ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በጎጃም ገጠር አንዳንዱ ገበሬ «ፊውዳል»፣ አንዳንዱም «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ይዞታው ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተደረገ። ስሙ የተሰጠውም በቀደሙት መንግሥታት ሹመት ነበረህ ተብሎ ነው። በእርግጥ በዚሁ ሽግሽግ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ሰውን በሠራው ጥፋት ሳይሆን በተለጠፈበት ስም መቅጣት ሕገ መንግሥቱ ራሱ የሚከለክለው ነገር ነበር። ስለዚህ ከ1960 ዓ.ም በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፣ ያው ገበሬ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀ፤ ጽሑፉ በክፉ ቀን ይደርስልኛልን?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ትውልድ ትውልድን ማሰር ይገባዋልን? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም አሜሪካዊው ቶማስ ጄፈርሰን ለወዳጁ ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ምድር የሕያዋን ስለ ሆነች ሙታን ሕያዋንን ሊያስሩ አይችሉም፤ ማናቸውም ሕገ መንግሥት በየ19 ዓመቱ ሊያበቃ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማዲሰንም ሲመልስ፣ ሙታን ያቆዩልን በጎ ሥራ በሕያዋን ላይ ዕዳ ይጥላል፤ ሕግም በየጊዜው ቢፈርስ ማንም በነገው ላይ እምነት አይኖረውም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን የሁለቱን እውነት የሚያስታርቅ ሐሳብ ለማግኘት ወደ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም፤ በዳሞት ገበሬ ዘንድ ይገኛል፤ ይኸውም ርስት ነው።

የጎጃም ርስት እንዲህ ነበር። መሬቱን ቀድሞ የያዘ አቅኚ አባት አለ፤ ከእርሱ በአባትም በእናትም የተወለደ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ትውልድ ቆጥሮ ድርሻ ይጠይቃል። ተወላጆቹ በመሬቱ ላይ የሚያቆሙት ፈጅ ነበራቸው፤ ድርሻውም በየጊዜው ይታያል፤ የበዛለት ለጎደለበት ይለቃል፤ ክርክርም ቢነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ባለ ርስት ያርሰዋል፤ ያወርሰዋል፤ ነገር ግን ከዘር አውጥቶ ለባዕድ እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አይገባውም ነበር፤ የእርሱ ብቻ ሳይሆን ያልተወለዱትም ነውና። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ሙታን ሕያዋንን አሰሩ ወይስ አላሰሩም? መሬቱ እንዳይጠፋ አሰሯቸው፤ ድርሻውን ግን እንደ ጊዜያቸው እንዲያዩት ለቀቁላቸው። ሕገ መንግሥትም እንዲህ ሊታሰብ ይገባዋል ብለን እናምናለን። የሰው ክብር፣ የዳኝነት ነፃነት፣ የሕዝብ ሥልጣን፣ እነዚህ የማይሸጡት መሬት ናቸው። የአስተዳደሩ ወሰን፣ የምርጫው ዐይነት፣ የምክር ቤቱ አሠራር ግን ድርሻ ነው፤ ትውልድ ተቀምጦ ቢያሻሽለው አባቶቹን አልካደም።

ነገር ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ብንከተለው ወደ ገደል ይመራናል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባንም። ርስት ትውልድን ስለሚጠይቅ ትውልድ የማይቆጥርለትን ይተወዋል። በብዙ የጎጃም ስፍራ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ እስላሙም ነጋዴ በዚያው አገር ተወልደው፣ በዚያው አገር ተቀብረው፣ የመሬት ድርሻ አልነበራቸውም። ገበያው ያለ እነርሱ አይቆምም፤ ማረሻውን የሚሠራላቸው ያው ቀጥቃጭ ነው፤ ነገር ግን ማረሻውን የሚሠራው ሰው የሚታረስ ማሳ አያገኝም ነበር። ይህ የአባቶቻችን ጥፋት ነው፤ እንናገረው።

ስንናገረውም ዛሬ ያንኑ ጥፋት በሌላ ስም እየጻፍነው እንዳይሆን እንመልከት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች የየራሳቸውን ሕገ መንግሥት እንዲያወጡና እንዲያሻሽሉ ሥልጣን ሰጥቷል። የአማራ ክልል የራሱን ሕገ መንግሥት በ1994 ዓ.ም ሲያሻሽል ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የየራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት እንዲኖራቸው አድርጓል፤ ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መንገደኛ የአዊን ምክር ቤት አገር ያገኛል። ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ ስፍራ ማስቀመጣቸው መልካም ሥራ ነው። በሌላ በኩል የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አምስት ብሔረሰቦችን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሲጠራ፣ ሌሎቹን ግን በክልሉ የሚኖሩ ሕዝቦች ይላቸዋል። በዚያ የተጠቀሱት ብሔረሰቦች ለብዙ ዘመን የተገፉ፣ በባርነትም የተሸጡ ሕዝቦች ስለ ሆኑ ዋስትና መፈለጋቸው አያስነቅፍም። ሆኖም «ባለቤት» እና «ነዋሪ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን በተቀመጡ ጊዜ፣ ያው የርስት ጥያቄ «አባትህ ማን ነው?» እያለ ይመለሳል። በ2005 ዓ.ም ከዚያ ክልል ተፈናቅለው ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ጎጃም የተመለሱት ገበሬዎች የዚህን ቃል ክብደት ያውቁታል። የጎጃም ሸማኔም አያቶች ያውቁት ነበር። እንግዲህ የሕገ መንግሥት ርስት ከአባቶች ርስት የሚለይበት አንድ ነገር ሊኖር ይገባል፤ ድርሻ ለመስጠት አቅኚ አባትን ሳይሆን ሰውነትንና ዜግነትን ብቻ ይጠይቅ።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ማን፣ እንዴት ያሻሽለው? በቡሬ ገበያ አንድ ሽማግሌ ስለዚህ ነገር ቢጠየቁ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ልጄ፣ ቤቱ ሲሠራ አልጠሩኝም፤ ሲፈርስ ግን ድንጋዩ የሚወድቀው በእኔ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ልናድሰው ነው የምትሉ ከሆነ እባካችሁ በመጀመሪያ ጥሩኝ።» ከዚህ የተሻለ የሕግ ትምህርት ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። አንዱ ሕገ መንግሥቱ ከመጀመሪያው ያለ እኛ ፈቃድ የተጻፈ ነውና ቀድዳችሁ ጣሉት ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ቃል የተነካ እንደ ሆነ አገር ይፈርሳል ይላል። ፊተኛው የሚዘነጋው ነገር፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ሕገ መንግሥት ሁሉ ከሰጪው ጋራ አብሮ እየተቀበረ መምጣቱንና፣ መቅደድን ልማድ ያደረገ ሕዝብ የራሱንም አዲስ ሕግ ሌላ እንደሚቀድበት ነው። ሁለተኛው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ የደረቀ ምራን እንደሚበጠስ ነው። አንቀጽ 105 የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ እንዲስማሙ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲደግፉ ያዝዛል። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ካለ ይቀራል። ይህ ጥብቅነት ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በሩ ጨርሶ እንዳይከፈት ሆኖ የታሰበ እንደ ሆነ፣ ሰዎች በበሩ ፈንታ ግድግዳውን ይደበድባሉ። በ2012 ዓ.ም በወረርሽኝ በሽታ ምክንያት ምርጫ በተራዘመ ጊዜ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ትርጓሜ ታለፈ፤ ትርጓሜውን አንዳንዱ ተቀበለ፣ አንዳንዱ አልተቀበለም፤ አለመግባባቱም ወደ ጦርነት ካደረሱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ገጠርና ከተማ በጦር መሣሪያ ግጭት ታመሰ፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላምም የዚህን ጽዋ ቀመሱ።

በ2014 ዓ.ም በዐዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን እነዚህን ለመሳሰሉ መሠረታዊ ልዩነቶች መነጋገሪያ እንዲሆን ታስቦ ነው። ኮሚሽን ብቻውን መድኃኒት እንደማይሆን የ1966ቱ ረቂቅ ያስታውሰናል። ነገር ግን ለማሻሻልም ሆነ ለመጠበቅ የሚነሣ ሁሉ ሁለት ግዴታ እንዳለበት እናምናለን። ፊተኛው፣ አሁን ያለው ሕግ የማይወደድ ቢሆንም እንኳ በራሱ በር እንዲለወጥ መታገሥ ነው፤ ይህን ያደረገ ሕዝብ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ቢያደርገው፣ ከሚጽፈው አንቀጽ ሁሉ የሚበልጥ ቅርስ ለልጆቹ ያቆያል። ሁለተኛው፣ በሩን የያዘው ወገን በሩን በእውነት መክፈት ነው፤ የተዘጋ በር እያሳዩ «በበሩ ግቡ» ማለት ማፌዝ ነውና። ትዕግሥት ከአንዱ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ትዕግሥት መባሉ ቀርቶ ባርነት ይሆናል።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ ይህን አዲስ ስም እንደ ሰጧት ይነገራል። የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ስም መስጠት ቀላል ነው፤ ጎዳናውን በስሙ ልክ ማድረግ ግን የሚሄዱበት ሰዎች ሥራ ነው። ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ስም ነው፤ እውነተኛ የሚሆነው፣ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ባነሡበት ሰዓት አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲል ሁለቱም፣ ባለ ሥልጣኑም ባለ ማረሻውም፣ የሚቆሙ ሲሆን ነው። ያን ቀን ምራኑ ለስልሶ ጠብቋል፤ እርሻውም ይቀጥላል።